በሟቹ ስም የገባው ሰው

እኛ ሽቦ ፋብሪካ ውስጥ "በረኛው" የምንለው ሰው ኳስ አይዝም፣ ዱላም አይዝም። ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጦ የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል የያዘውን መዝገብ የሚጠብቅ ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ተፋጠን ኖረናል። ስለ እሱ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ እስቲ ይምጣ።

አዲስ ሠራተኛ እውነተኛውን ማሽን ከመንካቱ በፊት የሚሠለጥንበት ነገር አለን። ትልቅ መነጽር ያጠልቃል፣ በኮምፒውተር የተሠራው የፋብሪካው አምሳያ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ይራመድበታል፣ ማሽን ያስነሳል፣ እዚያ ከገቡት ጋር ያወራል። ቢሳሳት ጣቱ አይቆረጥም። ድሮ ሁሉም የሚገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነበር፤ እሱም ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። የሁሉም ሰው አናት ላይ "ሠልጣኝ" የሚል ጽሑፍ ይታያል። ማን ማን እንደሆነ የምንለየው በድምፁ ነበር።

በረኛው ታላቅ ወንድም አለው። እኛው ፋብሪካ ማሽን ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ ጥቅል ብረት ወድቆበት ከደረቱ በታች አልታዘዝ ካለው አምስት ዓመት ሆነው። ፋብሪካውም አሰናበተው። በረኛው አንድ የተጣለ መነጽር ጠግኖ ቤት ወሰደለት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ጠዋት ጠዋት ፋብሪካ ይገባል፤ በእጁ የያዛትን መቆጣጠሪያ እየነካካ ይራመዳል! አዲሶቹን "እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ድንጋይ!" እያለ ያሠለጥናል። አንዳንዱ ጋሼ፣ አንዳንዱ አባባ ይለዋል፤ አልጋ ላይ መሆኑን ግን አያውቁም። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ከዚያች ሰዓት በቀር ከቀኑ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

ጉዱ የፈላው አለቆቻችን "ማንም እየገባ የሚፈነጭበት ይብቃ" ያሉ ዕለት ነው። መግቢያው ከሠራተኛ መዝገቡ ጋር ይያያዝ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይግባ፣ መዝገብ ላይ የሌለ አይግባ። ትእዛዙ የተሰጠው ለማን? ለበረኛው!

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ወንድሙን በነጻ አሠልጣኝነት እንዲመዘግቡት ለመነ። "የተሰናበተ ሰው መዝገብ ላይ እንዳላይ" አሉት። ወጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

"ምን ብዬ ልንገረው?" አለኝ። "የምዘጋበት እኔው ራሴ ነኝ እኮ።"

አንጀቴን በላው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! "የሟቹ ፋይል አልተዘጋም" አልኩት። የቀን ፈረቃ ኃላፊያችን ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ደንብ አለ፤ ሠራተኛ ሲሞት ልጁ ይቀጠራል፣ ልጁ ሥልጠናውን ጨርሶ ቅጥሩ እስኪጸድቅ የአባቱ ፋይል አይዘጋም። ፋይሉ ካልተዘጋ ስሙም ከመዝገቡ አይወጣም። በረኛው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ ለሟቹ ስም አዲስ የይለፍ ቃል አወጣ፣ ማረጋገጫ ቁጥሩም ወደ ወንድሙ ስልክ እንዲሄድ አደረገ።

ሁለት አዋቂ ነን ባዮች አንድ ነገር ሳናስብ ቀረን። አዲሱ መግቢያ "ሠልጣኝ" የሚለውን አጥፍቶ፣ የገባውን ሰው ስም ከመዝገቡ አንስቶ ከነአባቱ አናቱ ላይ ይጽፋል። በገዛ አናቱ ላይ የተጻፈውን ደግሞ ማንም አያይም።

ሰኞ ጠዋት የሟቹ ልጅ ሥልጠና ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መነጽሩን አጥልቃ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቀጥ አለች።

"አባዬ?" አለች።

የሥልጠና ክፍሉ በር ላይ ነበርኩ። ከድምፅ ማጉያው የወንድምየው ድምፅ መጣ፦ "አቤት፣ ልጄ።"

ምን ያድርግ? ወጣቱን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

"ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? አይዞሽ፣ ማሽኑ አይነክስም። ነይ፣ አብረን እናስነሳው" አላት።

በረኛው ሮጦ መጥቶ መነጽሩን አወለቀላት። ቢሮ አስቀምጠን አንድም ሳንደብቅ ነገርናት። ትጮህብናለች፣ ትከሰናለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጠራረገች።

"አባቴ አለመሆኑንማ አውቄያለሁ" አለች። "አባቴ አንድ ቀን አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም።" ቀጥላም፣ "ነገም ይገባል?" ብላ ጠየቀች።

በረኛው ዞሮ የሟቹን ስም ከመዝገቡ ሰረዘ። "በናትህ ተወው!" ስትለው ሰምቷል፤ ጣቱ ግን አልቆመም። እኔም ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ አብሬው ወንድሙ ቤት ሄድኩ። ሰውየው መነጽሩን እንዳጠለቀ የይለፍ ቃሉን እየደጋገመ ይሞክራል።

"እምቢ አለኝ እኮ" አለ። "አንዲት ልጅ እያለቀሰች ነው ትቼያት የወጣሁት። ምን ሆና ነው?"

በረኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረው።

"በመጨረሻ ምን አለች?"

"ነገም ይገባል ወይ አለች።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"ምንም።"

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። "ወደ ግድግዳው አዙሩኝ" አለ። ሦስት ሆነን አዞርነው።