ያላንኮራፋሁበት ዓርብ

የዚያን ዓርብ ካራንቲና ሰፈር በተከራየናት ክፍል ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እዚሁ ጂዳ የወለድኳት ልጄ፣ አጠገቤ የምትተኛው የወሎዋ ጓደኛዬ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራው ጎንደሬና ሽንኩርት ልትበደር መጥታ በዚያው የቀረችው ጎረቤታችን ነን። ስተኛ የሚያስተነፍሰኝ ማሽን ከተቆጠረ ስድስት እንሆናለን። ከሁላችንም በላይ የሚከበረው እሱ ነበር፤ ትራስ የተደረገለት እሱ ብቻ ነው።

እኔ ተኝቼ ትንፋሼ ይቋረጣል። ለዓመታት ድምፄ ሲጠፋ የወሎዋ በእግሯ ትመታኛለች፤ አንኮራፍቼ ስመለስ እሷም ትተኛለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠፍኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ የምሠራላት ማዳም አየችና ሐኪም ቤት ወስዳ በቱቦና በማስክ አየር የሚነፋውን ይህን ማሽን ገዛችልኝ። እኔ ግን ፈራሁት። ቱቦው ቢታጠፍስ? መብራት ቢጠፋስ? እኔ ብሞት ልጄ ለማን ትቀራለች? ሐኪሙ «መጀመሪያ ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት ልመጂው» ስላለኝ ከጁምዓ በኋላ ማስኩን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ጋደም አልኩ።

ለካ ሳላንኮራፋ ተኝቼ ኖሯል።

የነቃሁት በእርግጫ ነው። ዓይኔን ልገልጥ ስል የወሎዋን ድምፅ ሰማሁ።

«ያ ረቢ፣ ድምጿ የለም። ኑ እዩ፣ በዚች ቀዳዳ ነፍሷ እየወጣች ነው።»

ቀዳዳዋ የማስኩ መተንፈሻ ናት። በጣቷ ደፈነችልኝ።

«በስመ አብ» አለች ጎንደሬዋ። «ደግ ሴት ነበረች እኮ። ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች እንጂ።»

«ብርድ ልብሷም ገና አዲስ ነው» አለች ጎረቤታችን።

ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኸላስ፣ በቃ፣ ተኝታ ነው» አለች። የሰማት የለም። እኔም ይህን እየሰማሁ ዓይኔን የምገልጥ ሞኝ አይደለሁም።

«ብርድ ልብሱን ውሰጂው» አለች የወሎዋ። «ልጅቷን ግን ማንም አይነካብኝ። የማሳድጋት እኔ ነኝ፤ ወላሂ ከጉያዬ አላወጣትም።»

ስንት ዓመት ልጠይቃት ፈርቼ የተውኩትን ሳልጠይቃት መለሰችልኝ። «ብርድ ልብሴን አልሰጥም» ልል አፌን ብከፍት ግን ከቃሉ በፊት የማሽኑ ነፋስ በአፌ እፉፍ ብሎ ወጣ። ጎረቤታችን ሽንኩርቱን ጥላ ደረጃው ላይ ደረሰች። ጎንደሬዋ አማተበች። የወሎዋ ብቻ ጣቷን ከቀዳዳው ሳታነሳ አፍጥጣ አየችኝ።

«አንቺ ተንኮለኛ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

«ከጨው ጀምሮ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑን ለመድኩት። ልጄ ማን እንዳላት አውቄ ስለምተኛ ቱቦው አላስፈራኝም። እንቅልፍ ያጣችው የወሎዋ ሆነች፤ «ካላንኮራፋሽ እንዴት ልተኛ?» እያለች ትነጫነጭብኝ ነበር። ኋላ መካ ሥራ አግኝታ መንሱር የሚባል ሰፈር ገባች። አሁን ስልኳ አይሠራም፤ ልጄም «ኻለቲስ፣ አክስቴስ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

የወሎዋ ቀጠን ያለች ናት፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ትሸፍናለች። መንሱር ገበያ ያያት ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗን ይንገረኝ።