እጄ ከእኔ ደብቃ የኖረችው ሥራ

መተማ አጠገብ ኮኪት ላይ፣ ከቤታችን ጎን አንዲት ሰፊ ራኩባ፣ ግድግዳ የሌላት ዳስ፣ አለችን። ከጥላዋ ግማሹን የባለቤቴ የልብስ ስፌት መኪና ይዞታል፤ ሌላው ግማሽ የእኔ ቶርኖ ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ከባድ ማሽን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የትራክተርና የሰሊጥ መውቂያ ዕቃ ሠርቼበታለሁ።

አምና ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ "ይህን እጅ ማሳረፍ አለብህ" አለኝ። የእኔ እንጀራ መዘውር ማዞር ነው፤ ምኑን አሳርፈዋለሁ? አሮጌ ቶርኖ ላይ ሞተር ገጥመው በኮምፒውተር የሚያዙ ሰዎችን በስልኬ አይቼ ስለነበር፣ እኔም ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ሞተርና አንድ መቆጣጠሪያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። መዘውሮቹን ነቅዬ በቦታቸው ሞተሮቹን አሰርኩ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አገናኘሁና ሁለት ወር ያህል ከሽቦ ጋር ታገልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማንም ሳይነካው መቁረጫው ተንቀሳቀሰ። ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ።

"በስመ አብ!" አለች ባለቤቴ ጨርቋን እንደያዘች። እኔ ራሴ የገጠምኩት መሆኑን እያወቅሁ አማተብኩ።

በዚያው ሰሞን በአብደራፊ በኩል የሚያርሱ አንድ አዛውንት መጡ። የማረሻቸው ፒን ተሰብራባቸዋለች። ስንዝር የምታህል ድፍን ብረት ናት። ፒኗ የምትገባበትን ቀለበት ለልክ ብለው ተውልኝና "ዝናቡ ሳይጥል አድርስልኝ እንግዲህ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ልኩን ለላፕቶፑ ነገርኩት። ማሽኑ ሲቆርጥ እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ፒኗ እንደ መስታወት አበራች። ፈትቼ ቀለበቱን ሳጠልቅባት ግን ከግማሽ አልፎ ሄደና ቀጥ አለ። ለካኋት። ከወዲያኛው ጫፍ እስከ መሐል ልክ ናት፤ ብረቱን ወደሚይዘው መንጋጋ በኩል ግን ትወፍራለች። በፀጉር ውፍረት ያህል ነው፤ ለፒን ግን ፀጉር ብዙ ነው።

ሁለተኛ ቆረጥኩ። ያው ነው። ሞተሩን ጠረጠርኩ፣ ሞተሩን ከማሽኑ የሚያገናኘውን ቺንጋ ጠረጠርኩ፣ ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ሞተሩ የታዘዘውን ያህል ብቻ ይሄዳል፤ አንዲት ስሕተት አላገኘሁበትም። በሦስተኛው ቀን ተናደድኩና ሞተሮቹን አውጥቼ የድሮ መዘውሮቼን መለስኩ። ትከሻዬ እያመመኝ በእጄ አንድ ፒን ሠራሁ። ቀለበቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንሸራተተ።

ደነገጥኩ። ማሽኑ ያው፣ ብረቱ ያው፣ መቁረጫው ያው!

"አንተ ግን እዚያ ጋ ስትደርስ ትገፋዋለህ እኮ" አለች ባለቤቴ፣ ከስፌቷ ቀና እንኳ ሳትል።

"ምኑን?"

"መቁረጫውን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋውን ትንሹን መዘውር ነዋ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቀኝ እጅህ ትንሽ ታዞረዋለች።"

"በጭራሽ! እጄን የማሳርፍበት ነው እንጂ አላዞረውም።"

ስልኳን አነሣችና "እስኪ ሌላ ቁረጥ" አለችኝ። ቆረጥኩ፤ እሷም እጄን ቀረጸች። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን።

እጄ መዘውሩ ላይ ዐርፋለች። መቁረጫው መሐሉን አለፈ። ያን ጊዜ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ቀስ ብለው፣ ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም፣ መዘውሩን ወደ ውስጥ ገፉት። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ደጋግሜ አየሁት። በዚያ የመተማ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። የሰው እጅ የማይ መሰለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"እኔ ካወቅሁህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ። ሥራው እንደዚያ መስሎኝ።"

ቀጥ ያለ ብረት አምጥቼ የቶርኖው አልጋ ላይ ጋደም አደረግሁት። ወደ መንጋጋው በኩል ከሥሩ ብርሃን ሾልኮ ታየኝ። አልጋው በዓመታት ብዛት ተበልቷል፤ መቁረጫው እዚያ ሲደርስ ስለሚዘቀዝቅ ከብረቱ ይሸሻል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እጄ ግን ታውቃለች፤ ዓመት በዓመት አልጋው በተበላ ቁጥር እያካካሰች፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ኖራለች። ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ሲሉኝ ልክ በማወቄ ነበር የምኩራራው። ኮምፒውተሩ ያልኩትን አደረገ፤ ያላልኩትን ከየት ያምጣው?

የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ምሳ ስንበላ እንኳ ጉርሻ የምትጠቀልለውን እጄን ትኩር ብዬ አያት ነበር። ባለቤቴ ሳቀችብኝ።

በማግሥቱ በስፌት ጠመኔዋ መዘውሩ ዙሪያ መስመሮች አሠመረችልኝ። እኔ በእጄ ስቆርጥ እሷ እጄ የት ላይ ስንት መስመር እንደገፋች ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ቆም እያልኩ እጽፋለሁ። እንደምትታይ ካወቀች እጄ ትደናገር ስለነበር፣ ባለቤቴ በየመሐሉ ስለ ገበያ እያወራችኝ ነበር የምታያት። ሞተሮቹን መልሼ ገጥሜ የጻፍኩትን ላፕቶፑ ላይ ጨመርኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቀለበቱ አለፈ።

አዛውንቱ መጥተው ፒኗን ቀለበቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንሸራተቷት።

"ይህን ሞተሩ ነው የሠራው አሉ፤ እውነት ነው?"

"አዎ፣ አባባ" አልኩ፤ ዐይኔ ግን ቀኝ እጄ ላይ ነበር።

"በል እንግዲያው ሁለት ድገመኝ" አሉና ፒኗን በኩታቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ሸሕዲ የሚሄደውን ሚኒባስ ሊይዙ ወጡ።