እንከን የሌለበት ወረቀት

ወልድያ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ የግል ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ድረስ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! ኢት፣ ኤት፣ ኢትን!» እያሉ ይጮኻሉ። ጎረቤቶቼ በጫጫታው ተማርረዋል። እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አፌ አቧራ አቧራ ይለኛል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንኳኳ ደረቅ ነፋስ ይሰማኛል። ሠላሳ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት የሕፃናት ዜማ ስትፈራ አያምርባትም። እኔ ግን እፈራለሁ።

ያን ዜማ የተማርኩት ሰቆጣ፣ የኔታ ፈንታ ከሚባሉ ሰው ነው። የኔታ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ከቅኔ ቤት የወጡ ሰው ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛውን የያዙት ከጎለመሱ በኋላ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ከጠፋ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ያወረዱልን እንደ ግዕዝ ግስ በቃል ነበር። መቋሚያቸውን በወለሉ ላይ እየመቱ «ጎ» ሲሉ እኛ የቀረውን በዜማ እንቀበላለን። ነጭ ጥምጣም ጠምጥመው፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸት ካኪ ኮት ይለብሳሉ። ከኮቱ የደረት ኪስ በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ የሆነ እርሳስ አይጠፋም። በሰማያዊው ይጽፋሉ፣ በቀዩ ያርማሉ። ስህተት ያለበት ወረቀት እሳቸው ዘንድ የታመመ ወረቀት ነው። ራስጌው ላይ «ታሟል» ብለው ይመልሱልሃል፤ አንተም «ድኗል» እስኪሉህ ድረስ ደግመህ ደጋግመህ ትገለብጣለህ። ስድስት ጊዜ የገለበጥኩት ወረቀት ነበረኝ፤ ስድስተኛው ላይ ከንዴቴ ብዛት አልቅሻለሁ።

የዚህ ሁሉ ጥብቅነት መነሻ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ነገሩን። ልጅ ሳሉ ለትምህርት ጎንደር ሲወርዱ አማርኛቸው የኽምጣኛ፣ ማለትም የዋግ ሰው ቋንቋ፣ ቃና ነበረው። ተማሪው ሁሉ አፋቸውን እየቀዳ ሲስቅባቸው ከረመ። «ግዕዙ ላይ ግን ሊስቁብኝ አልቻሉም» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። «ደንቡን ከነሱ በላይ አውቀው ነበራ!» እኔም ከኽምጣኛ ቤት የመጣሁ የጋዝጊብላ ገጠር ልጅ ነበርኩና ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ሰቆጣ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ ስማር፣ ገበያ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚስቅብኝ አላጣም ነበር።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ ዳዊት የሚባል ወጣት አስተማሪ ነበረን። ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከእጁ የማይለይ ልጅ ነው። ከየኔታ ጋር በግቢው የወይራ ዛፍ ጥላ ሥር የማይከራከሩበት ዕረፍት አልነበረም።

«የኔታ፣ እንግሊዞቹ እኮ ራሳቸው ይህን ደንብ ትተውታል» ይላቸዋል። «በሬዲዮ ሲያወሩ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። ትርጉሙ ከተሰማ ምን ጎደለ?»

«ለእንግሊዝ ልጅ አይጎድልም» ይላሉ የኔታ። «የጌታ ልጅ ሲሳሳት ለዛ ነው ይባላል። የኔ ቢጤ ሲሳሳት ግን ድንቁርና ነው። ልጆቼን ለሳቂ አልሰጥም።»

እኛ ልጆች በልባችን ለዳዊት እናደላ ነበር። ደንብ የማይጠላ ልጅ የት አለ?

ዘመኑ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ያለው ዓመት ነበር። ክረምቱ ደመና ብቻ አሳይቶን አለፈ። መጀመሪያ ገበያው ላይ የበሬ ዋጋ ወደቀ፤ ቀጥሎ ሰው ሞፈርና ቀንበሩን ለማገዶ ሲሸጥ አየሁ። አንድ ገበሬ ሞፈሩን ከሸጠ ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ከገጠር የሚመጣው ሰው ከተማው ዳር ዳር እየተቀመጠ፣ ሳይለምንም ሳይናገርም ዝም ብሎ ያየን ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለቀብር ሲደወል ማን እንደሞተ መጠየቅ ተውን። ክፍላችን ውስጥ የኔታ ስም ሲጠሩ «አቤት» የሚል እየጠፋ ሄደ። አንዱን ስም ጠርተው መልስ ሲያጡ፣ ቀና ሳይሉ ትንሽ ይጠብቁና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። በሬዲዮው ግን ስለዚህ አንድም ቃል አይነገርም። «ረሃብ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ማውጣት እንደማያዋጣም ትልቁም ትንሹም ያውቅ ነበር።

አባቴ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ አክስቴ ቤት ደረሰ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የእግሩን አቧራ አራገፈ።

«ዘሩንም በላነው፣ ደብሪቱ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት የኔታ «መንደሬ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጽፈን እንድናመጣ አዘዙ። ሌላው ልጅ ስለ ወንዝና ስለ ወፍ ጻፈ። እኔ አባቴ የነገረኝን ጻፍኩ፤ ስለ ዘሩ፣ ስለ ታናናሽ ወንድሞቼ፣ ስለ ባዶዎቹ ቤቶች። በማግስቱ የሁሉም ደብተር ሲመለስ የእኔ ቀረ። ከትምህርት በኋላ ወደ መምህራኑ ክፍል አስጠሩኝ። ገጼ ላይ ቀይ ያልነካው መስመር አልነበረም።

«ይህ የጻፍሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው እንዲህ እንደታመመ አይቀርም» አሉ።

ለካ እሳቸው ሌሊቱን ቁጭ ብለው አድረው ኖሯል። ከደብተሬ አጠገብ አንድ ንጹሕ ወረቀት አለ፤ የጻፍኩት ሁሉ ታርሞ፣ የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ተነጣጥሎ ተጽፎበታል። በዚያ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለማየት የመጣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር። ወረቀቱን ለእሱ ሊሰጡት ነው።

ዳዊት እዚያው ነበርና አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። «የኔታ፣ በዚህ አውራጃ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ከእርስዎ በቀር ማን አለ? ፊደሉን ቢደብቁትስ ምን ዋጋ አለው? እባክዎ ሁለት ሦስት ስህተት ጣል ያድርጉበት። ትርጉሙ አይጠፋም።»

«ስህተት ካዩበት የሚያዩት ስህተቱን ነው» አሉ የኔታ። «ረሃቡን አያዩትም።»

ፈረንጁ ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አየሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይጠቅማል ብሎ አዲስ አበባ ላለ ሹም ሰጥቶት ኖሯል። ወረቀቱም ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከርሞ ተመልሶ ወደ እኛው ወረደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳለን ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልወረደም። እኛም መዝሙራችንን አቋረጥን።

የወረዱት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የቆዳ ቦርሳ የያዘ፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነው፤ እሱ ባይጮህም ዳይሬክተሩ እንዳዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ። በከተማው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ። አስተማሪዎቹ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የአውራጃው ጸሐፊ፣ በጠቅላላው ሰባት ሰዎች አንድ ክፍል ገቡ። ከጋዝጊብላ የመጣን ሦስት ልጆች ደግሞ ተለይተን ግቢው ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት እንድንቀመጥ ተደረገ። የመስኮቱ አንዱ መስታወት የረገፈ ስለነበር የውስጡ ሁሉ ይታየኛል፣ ይሰማኛልም።

ባለቦርሳው ለሁሉም ባዶ ወረቀት አደለ። «ስለ ዘንድሮው መልካም አዝመራ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ» አለ። ከዚያ ያንን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እንከን የሌለበትን ወረቀት የጻፈው፣ ዛሬም እንከን የማይገኝበት ሰው ነው። የኔታ አንድ ገጽ አበላሽተው ቢጽፉ ይተርፋሉ። «ይሳሳቱ፣ ይሳሳቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው።

የኔታ ሲጽፉ እንዲያ ሲቸገሩ አይቼ አላውቅም። አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ ይቆማሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ግንባራቸው በላብ ረጠበ። እንደምንም ግማሽ ገጽ ደረሱ።

ባለቦርሳው በወንበሮቹ መካከል እየተንሸራሸረ፣ «ወረቀቱ ‹ጋዝጊብላ ያለው አባቴ› ይላል» አለ። «ከናንተ ውስጥ ካላገኘሁት ልጆቹን አስገባለሁ። ልጅ ደግሞ ብዙ አያስቸግርም።»

የኔታ ቀና ብለው በመስኮቱ አዩን። እኔን ለይተው አላዩም፤ ሦስታችንንም እኩል ነው ያዩን። ከዚያ የጻፉትን ጨምድደው ከወንበሩ ሥር ጣሉና ሌላ ወረቀት ጠየቁ። አሁን እርሳሱ አልቆመም። ከሁሉም ቀድመው ጨርሰው ተነሡ።

ባለቦርሳው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። «እርስዎ ነዎት» አለ።

«ነኝ።»

«‹አባቴ› የሚለውስ?»

«ሰው ለልጅ ይራራል ብዬ፣ እንደ ልጅ ሆኜ ጻፍኩት።»

ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ያ የናፍታሊን ሽታቸው ደረሰኝ። «ነገሩ የእኔ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ በአማርኛ ይሁን በኽምጣኛ ይሁን በእንግሊዝኛ፣ በየትኛው እንደምለው ጠፋኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ግን ራሴን አሳምኜው አላውቅም።

«ምን ተቀምጣችኋል? ክፍላችሁ ግቡ» አሉን የኔታ። ላንድሮቨሩም ይዟቸው ሄደ።

አልተመለሱም። ደሴ ወህኒ ቤት ታይተዋል የሚል ወሬ መጣ፣ ቀጥሎ በወረርሽኝ ሞቱ ተባለ፣ ቀጥሎ ወሬውም ቆመ። ለውጡ መጥቶ እስረኛ ሁሉ ተፈታ ሲባል አባቴና እኔ መንገድ ዳር ወጥተን ሦስት ቀን ጠበቅን። የእርዳታ ስንዴ ጋዝጊብላ የገባው ዘግይቶ ነው። የኔታ የጻፉት ወረቀት ያመጣው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ከቤታችን ያን ስንዴ የበላነው አባቴና እኔ ብቻ ነን።

ዳዊት የአገልግሎት ዓመቱን ጨርሶ ሊሄድ ሲል አስጠራኝ። ክርክሩ ሁሉ ከላዩ ወርዶ፣ በአንድ ጊዜ ያረጀ መስሎ ነበር። ከኪሱ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። ያን ዕለት ከየኔታ ወንበር ሥር ያነሳው ነው።

«አንቺ ብትይዥው ይሻላል» አለኝ።

ለብቻዬ ሆኜ ዘረጋሁት። ግማሽ ገጽ ሰማያዊ ጽሑፍ ነው፤ በየመስመሩ ስህተት አለበት። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ስህተቶቹን አውቃቸዋለሁ። ሁሉም የእኔ ነበሩ፤ «መንደሬ» ላይ የጻፍኳቸው፣ እሳቸው በቀይ የሰረዟቸው፣ አንድ ባንድ በተራቸው። መሳሳት ሲያስፈልጋቸው የራሳቸው የሆነ ስህተት አጥተው የእኔን ተውሰው ኖሯል።

ወረቀቱ ዛሬም ከጡረታ ደብተሬ ጋር አለ። በሥራ ዘመኔ የስንቱን ሹም ደብዳቤ ሳልጠየቅ አርሜ አስፈርሜያለሁ። ያንን ግን አላረምኩትም።