«ተግባራዊ ሆኗል» ብዬ የጻፍኩት

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ማንበብና መጻፍ ከቻልኩ ግን ገና አምስት ዓመቴ፤ በፊደል በኩል ሕፃን ነበርኩ ማለት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የወንድሜ ልጆች ደብተራቸውን ጥለው ለጨዋታ ሲወጡ እኔ ደብተሩ ላይ እቀራለሁ። በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አራግፌ፣ እያስነጠሰኝ አነባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቻልኩት። ከቻልኩ በኋላማ ማን ያስቁመኝ! የእድሩን ማስታወቂያ፣ የጎረቤቱን ማመልከቻ፣ ወረዳ የሚገባውን አቤቱታ ሁሉ የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

ወንድሜ ሸማኔ ነው። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነው የምለው። ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ፣ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ፣ እሱና ሌሎች አሥራ ስምንት ሸማኔዎች በአንድ ግቢ ይሠሩ ነበር። እኔ የነጠላውን ጫፍ እቋጫለሁ፣ ገበያ አውርጄም እሸጣለሁ። ማኅበር ሲያቋቁሙ ከስሙ በላይ የሚጽፍ ሰው ጠፋና እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ክብርት ጸሐፊ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እያሾፈ ደስ ይለዋል፤ እኔም እየተናደድኩ ደስ ይለኛል።

ክር የምንገዛው ከሦስት አስመጪዎች ነበር። አንዱ ቢያስወድድ ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ ለምነንም ተጨቃጭቀንም ትንሽ እናስቀንሳለን። አንድ ሰኞ ወንድሜ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሦስቱም ጋ ሄድኩ» አለ። «ሦስቱም አስወድደዋል፤ ዋጋው እስከ ሳንቲሟ አንድ ነው። ልከራከር ብል ሻጯ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አባባ፣ እግርዎን አይጨርሱ፤ የትም ቢሄዱ ያው ነው፣ ተነጋግረውበታል።›»

«አባባ አለችህ?»

«ከክሩ ይልቅ እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

የዚያን ሳምንት እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ክር ከተወደደ ነጠላም ይወደድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ቀረበ ስል፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ተጮኸ። አንዱ «የፋብሪካው ነጠላ በእኛ ግማሽ ዋጋ እየተሸጠ የእኛን ማን ሊገዛ ነው?» ይላል፤ ሌላው «ታዲያ እየከሰርኩ ልሸምን?» ይላል። ሁለት ሰዎች ተኳርፈው ወጡ። በመጨረሻ አንዱ «እሺ በቃ፣ እንጨምር» አለና ተበተንን።

እኔ ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን አሳምሬ ጻፍኩት። አጻጻፉን የተማርኩት ከእድራችን መዝገብ ነው፤ እዚያ መዝገብ ላይ ጩኸት የለም፣ ኩርፊያ የለም። በፊት ለፊቱ ገጽ ክር ስንት እንደነበረና ስንት እንደገባ ዘረዘርኩ። ገጹን ገልብጬ ደግሞ እንዲህ ብዬ ጨረስኩት፦ «የነጠላ ዋጋ እንዲጨምር በቀረበው ሐሳብ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ከዛሬ ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።» ደጋግሜ አነበብኩት። ምን አለፋችሁ፣ ሚኒስትር የጻፈው ነበር የሚመስለው። አሥራ ዘጠኙም ፈረሙበት፣ ያኮረፉትም ጭምር።

በነጋታው ገበያ ወረድኩ። ለመጀመሪያዋ ደንበኛ አዲሱን ዋጋ ስነግራት «በወርቅ ነው እንዴ የተሠራው?» ብላ ሄደች። ሁለተኛዋም ሄደች። ስድስት ሰዓት ላይ በድሮው ዋጋ ሸጥኩ። ሌሎቹም እንደዚያው ሸጡ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ስለዚህኛው ግን ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም።

እንዲህ የክሩን ጭማሪ በራሳችን ጉሮሮ እየዋጥን ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል፣ የነጋዴዎችን ውድድር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሦስቱን አስመጪዎች መርምሮ፣ ዋጋ ለመወሰን መመሳጠራቸውን አረጋግጦ ቀጣቸው። ወሬው ሲደርሰን ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ከሸማኔዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ ጠየቁ፦

«ቅጣቱ ለማን ገባ?»

«ለመንግሥት» አልኳቸው።

«እኛስ?»

«እኛማ እልል አልን አይደል» አለ ወንድሜ።

ለድኻ በነጻ የምትቆም አንዲት ወጣት ጠበቃ ያገኘነው ያኔ ነው። ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስረዳችን፦ ቅጣት ሌላ፣ ካሳ ሌላ። ቅጣቱ ሕግ በመጣሱ ለመንግሥት ይገባል፤ በውድ የገዛው ሰው ግን የተጎዳውን ያህል ካሳ ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል። መመሳጠራቸው ተረጋግጧልና የቀረን መጎዳታችንን ማስረዳት ብቻ ነው። ይኼን «ብቻ» ነበር ያኔ በደንብ ማየት የነበረብን።

«የክር ደረሰኝ አላችሁ?» አለች።

ሸማኔዎቹ ተያይተው ሳቁ። «ደረሰኝ የጠየቀ ክር አይሸጥለትም ነበር፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው።

«ክሩ መወደዱን የሚያሳይ ምንም ወረቀት የለም?»

እኔ ተነሥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። የማኅበሩን መዝገብ ሳመጣላት የዋጋውን ዝርዝር አየችና «ይኼማ ወርቅ ነው! ማን ነው የጻፈው?» አለች። አፌ ጆሮዬ ደረሰ። ወዲያው ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥታ ከክሱ ጋር አያያዘችው። ጀርባውን አላነበበችውም። እኔማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን እንደ ነገር አልቆጠርኩትም።

ማምሻውን ወንድሜ ሥራ አቁሞ ወደ ታክሲው አብረን ስንወርድ እንዲህ አለኝ፦ «ካሳው ከመጣ ክር በጅምላ ገዝቼ እቀጥላለሁ። ካልመጣ ግን ከእንግዲህ አልችልም፤ ሽመናን እተዋለሁ።» ሳቅ ብዬ አየሁት፤ ቀልድ መስሎኝ። አልቀለደም። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ምስክር ሆኜ ቆምኩ። የአስመጪዎቹ ጠበቃ ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ይህን ቃለ ጉባኤ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማንም አላስገደደዎትም?»

«ኧረ ማን ችሎ ያስገድደኛል!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ጥሩ። እስቲ ከጀርባ ያለውን የመጨረሻ መስመር ያንብቡልን።»

አነበብኩ። ድምፄ እንዳይሰናከል እየተጠነቀቅሁ፣ ነጥቡን ጠብቄ፣ አሳምሬ ነው ያነበብኩት። «…በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ከዛሬ ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።»

ጠበቃው ወደ ዳኛዋ ዞረ። ክር ቢወደድባቸውም ጭማሪውን በነጠላ ገዢ ላይ ጨምረዋል፤ ስለዚህ ጉዳት ደርሶ ከሆነ የደረሰው በገዢው ላይ ነው፣ በእነሱ ላይ አይደለም አለ። እነሱም ራሳቸው ተሰብስበው ዋጋ ወስነዋል ብሎ ጨመረበት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልጨመርንም!» አልኩ። «ማንም አልገዛንም፤ በድሮው ዋጋ ነው የሸጥነው።»

«ታዲያ ተግባራዊ ሆኗል ብለው ለምን ጻፉ?» አለችኝ ዳኛዋ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

«እንደዚያ እኮ ነው የሚጻፈው» አልኩ።

ጠበቃችን ተነሥታ በድሮው ዋጋ መሸጣችንን የሚመሰክሩ ሰዎች አሉን ብትልም፣ የፈረሙበትን ጽሑፍ በሰው ምስክር ማፍረስ አይቻልም ተባለ። የነጠላ ሽያጭ ደረሰኝ ቢኖረን ያድነን ነበር። መንገድ ዳር ነጠላ አንጠልጥላ የምትሸጥ ሴት ከየት አምጥታ!

ፍርዱ ሲነበብ ሁላችንም ነበርን። መመሳጠሩ እውነት ነው፤ ክሩ መወደዱም እውነት ነው፤ ከሳሾች ግን ጭማሪውን ለገዢ አለማስተላለፋቸውን አላስረዱም፤ ክሱ ውድቅ ነው። ውጭ ደረጃው ላይ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው «እነሱ ተስማምተው ከበሩ፤ እኛ አንዴ ብንስማማ በእሱ ተረታን» አሉ። ጠበቃችን ዓይኗ ቀልቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀርባውን ማንበብ ነበረብኝ፤ ይግባኝ እንበል» አለች።

እሑድ ስለ ይግባኙ ተሰበሰብን። ለቀጠሮ ሲመላለሱ ስንት የሥራ ቀን እንደባከነ እያንዳንዱ ያውቀዋል። «ከየት በምናመጣው አዲስ ወረቀት ነው የምንከራከረው?» አለ አንዱ። ይቅር ተባለ። ያን ዕለት ጻፊ ያለኝም የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም። ሲወጡ አንድ በአንድ ትከሻዬን እየነኩ ሄዱ፣ ልክ ለቅሶ እንደሚደረስ።

ለወንድሜ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» አልኩት።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ። «ጽሑፉ እንኳ ያምር ነበር።»

ከልቡ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል ተሸክሜ የምገባበት ጠፋኝ።

ፍርዱ በተነበበ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ የጀመረውን ጋቢ ጨርሶ ከእቃው ላይ አወረደው። የሽመና እቃውን ነቀለና እንጨቱን ከጎኑ ለሚሠራው ሸማኔ ሰጠ። እግሩን አስገብቶ ይሠራበት የነበረውን ጉድጓድ በአፈር ሞልቶ በእግሩ ረገጠው። ሰኞ ጠዋት ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ በዘበኝነት ተቀጠረ።