ሚጣን የሰፋት ቀሚስ

በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ «መርፌ ቁልፍ» ነው የሚሏት። ስትሠራም ስትበላም ደረቷ ላይ አምስት ስድስት መርፌ ቁልፍ ተሰክቶ አይጠፋም። ጎረቤቷ «እሷን አቅፎ ሳይወጋ የተመለሰ የለም» እያለች ትስቅባት ነበር። የምትኖረው ከአናጢ ቤት ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ነበር። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አናጢው እንጨት በላገ ቁጥር ብናኙ እየገባ ጨርቅ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ እፍ ትላለች።

እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው። አባትየው ታናሿ ጥርስ ሳታወጣ ጥሏቸው ስለሄደ፣ እናት ወደ እጥበት ሲወጡ ሕፃኗን ታዝል የነበረችው የአሥራ ሁለት ዓመቷ መርፌ ቁልፍ ናት። «ሚጣ» ያለቻትም እሷ ናት። ሚጣ አድጋ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላትም ስሙ አልለቀቃትም። እሷም በፊናዋ ታላቋን «እታለም» እንጂ ሌላ ብላ ጠርታት አታውቅም።

ሁለቱን እህትነት ብቻ አይደለም ያቆራኛቸው፤ ጨርቅም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰልባጅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ነበሩ። ሚጣ ዓይን ነበራት፣ መርፌ ቁልፍ እጅ ነበራት። ሰው ሁሉ አንስቶ የሚጥለውን ሚጣ ታነሳና ወደ ብርሃን ትዘረጋዋለች።

«እታለም፣ ይቺን እያት እስቲ። ኮሌታዋ ይነሳ፣ እጅጌዋ ይጠር፣ ወገቧ ላይ ሽንሽን ይግባ። ቀሚስ ናት እኮ!»

«ይሄ የሽማግሌ ፒጃማ ነው።»

«ሽማግሌው አልፈለጋትም። እኔ ፈልጌያታለሁ።»

ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያያቸው «መጡ፣ ጨርቅ ከሞት የሚያስነሱት!» ይላል። አልተሳሳተም። የወንድ ካፖርት ገበሩ ወጥቶ ሸሚዝ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ሰደርያ ሆኗል። አበባ ያለበት መጋረጃ ጉርድ ቀሚስ ሆኗል። የሦስት አሮጌ ሹራብ ደህና ደህናው ተገጣጥሞ አንድ ባለ መስመር ሹራብ ወጥቶታል። እናታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተተረተረውን ክር እየለቀሙ «ሰው አዲስ ይገዛል፣ የኔ ልጆች አሮጌ ያፈርሳሉ» ይላሉ። ቀሚሱ አልቆ ሚጣ ለብሳው ስትሽከረከር ግን ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።

ሚጣ የምትሠራው ፎቶ ቤት ነበር። ደንበኛ ትቀበላለች፣ የሕፃን ፀጉር ታበጥራለች፣ የሙሽራ ቬሎ ታስተካክላለች። አዲስ ነገር ለብሳ በመጣች ቁጥር ፎቶ አንሺው «ነይ እስቲ ቁሚ» ይልና አንድ ያነሳታል፤ ፎቶዋንም መስኮቱ ላይ ይለጥፈዋል። ያንን አይተው «ይሄን ማን ሰፋልሽ?» ያሉ ልጃገረዶች ናቸው የመርፌ ቁልፍን ቤት በደንበኛ የሞሉት።

አንድ ቀን ሚጣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆመችና ጎኑን በጣቶቿ ይዛ ሳበችው።

«እታለም፣ ሰፋኝ።»

«ወገብ አውጥተሽ ነዋ! ማነው እሱ፣ እህል ያስጠላሽ?»

«ሂጂ ወዲያ! የምን ሰውዬ አመጣሽብኝ!» አለችና ሳቀች። ግን ደስ ብሏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሞላ ያለች ስለነበረች፣ ወገብ የሚያወጣ ቀሚስ ስትመኝ ነው የኖረችው።

መርፌ ቁልፍ ግራና ቀኙን ተረተረች፣ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብታ ሰፋችው። በማግስቱ ሚጣ ለብሳው ስትወጣ አናጢው እንኳ መላጊያውን አስቀምጦ አያት።

ከወር በኋላ እንደገና ሰፋት። ከዚያም እንደገና። ማዕድ ሲቀርብ ሚጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሳ ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች። «ጨጓራዬ ነው» ትላለች፤ ከመድኃኒት ቤትም ክኒን ገዝታ ትውጣለች። እናት «ይቺ ልጅ ፊቷ ገረጣብኝ» ሲሉ፣ መርፌ ቁልፍ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «እማ ደግሞ! ያሁን ጊዜ ልጅ መክሳት ነው የሚያምራት» አለች። ይቺን ንግግሯን በኋላ ስንት ጊዜ እንዳመነዠከቻት እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

በስድስተኛው ወር ሚጣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ዳሌ ሥሪልኝ።»

በቀልድ መልክ ነው ያለችው። መርፌ ቁልፍም በቀልድ ተቀበለቻት። ጉርዱ ላይ ድርብ ሽንሽን ጨመረች፣ ትከሻው ሥር ስፖንጅ ከተተች፣ አጥንቱ የወጣውን አንገት ከፍ ባለ ኮሌታ ሸፈነችው። በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ፎቶ አንሺው «ዛሬስ ንግሥት ሆነሻል» ብሎ አነሳት።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አንድ ቤተሰብ ለፎቶ እየደረደረች ሳለ ሚጣ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ልብሷን እንድታወልቅላት መርፌ ቁልፍን አዘዘቻት። ኮሌታውን ፈታች፣ ስፖንጁን አወጣች፣ ድርብ ሽንሽኑን ወደ ታች ሳበች። አልጋው ላይ የቀረችው ሚጣ ያኔ በጀርባዋ ካዘለቻት ልጅ ብዙም አትከብድም ነበር።

«መክሳት ከጀመረች ስንት ጊዜ ይሆናታል?» አለች ሐኪሟ።

«ስድስት ወር። ከወገቧ አሥራ ስምንት ሳንቲም።»

ሐኪሟ ከወረቀቱ ቀና አለች። «በሳንቲም ነው የሚያውቁት?»

«ቀሚሷ በሰፋት ቁጥር የማጠብበው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ቁጥሩን ጻፈችው። ከሁለት ቀን በኋላ ክፉ ዕጢ ነው አሏቸው። ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ይሞከር ነበር፤ አሁን ግን ጉበቷ ድረስ ስለገባ ሕመሙን ከማስታገስ ያለፈ ነገር የለም አሉ።

ሚጣ አምስት ሳምንት ተኛች። የሆስፒታሉን ልብስ አልወደደችውም። «ጀርባዬን ለአላፊ አግዳሚው ያሳይብኛል» አለች። መርፌ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሰልባጅ ተራ ሄዳ ሦስት ለስላሳ የወንድ ሸሚዞች ገዛች፤ አልጋው ላይ ዘርግታም አስመረጠቻት። ሚጣ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አውጥታ አንድ በአንድ ዳሰሰችና ሰማያዊውን ያዘች። «ኪሱን እንዳታነሺው» አለች። ሆዷ ላይ የገባው ቱቦ እንዳይነካባት በጎን በኩል በገመድ የሚታሰር ፒጃማ ተሰፋላት። ነርሷ «የት ነው የተገዛው?» ስትል ሚጣ ደክሟትም ቢሆን «አይገዛም» ብላ ኮራች።

አንድ ከሰዓት መርፌ ቁልፍ እግሯን እያሸችላት ሳለ አልቻለችም።

«ሚጣዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«በምኑ?»

«እያየሁ። በእጄ እየለካሁ።»

ሚጣ ወደ እሷ ዞረች። «እኔም እኮ ፈርቼ ነው። ቀሚሱ ልኬ ሲሆን ደህና የሆንኩ ይመስለኛል። አንቺ ባታጠቢልኝ ሌላ ሰፊ ጋ እሄድ ነበር።»

ይህ እውነት ይሁን ለማጽናናት የተባለ፣ መርፌ ቁልፍ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ሚጣ በሦስተኛው ቀን፣ ጠያቂ ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ ሳያልቅ አረፈች።

ከቀብሩ አንድ ወር አልፎ ፎቶ አንሺው ፖስታ ይዞ መጣ። «ከመስኮቱ ላይ ማንሳት ከብዶኝ ነው የቆየሁት። ግን የእናንተ ነው» አለ። ሊያጽናናቸው ነበር አመጣጡ። መርፌ ቁልፍ ፎቶዎቹን አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። ሳታስበው በሰፋችበት ተራ ነው የደረደረችው፤ መጋረጃው፣ ቢጫው፣ ባለ መስመሩ ሹራብ፣ መጨረሻ ላይ ያ ከፍ ያለው ኮሌታ። አሥራ ዘጠኝ ሚጣዎች ከግራ ወደ ቀኝ እየቀለጡ ሄዱ።

እናት የታጠፈ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገሩ እስከ መጨረሻው ደረሱ።

«ይሄ ሁሉ መስኮት ላይ ነበር?»

ፎቶ አንሺው አቀረቀረ። እሱም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያያት ሰው ነው። እናት ግን ወደ እሱ አልዞሩም።

«አንቺ ነሽ» አሉ ልጃቸውን። «ልጄን በጨርቅ ሸፍነሽ ደበቅሽብኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናት ያሉትን አልመለሱትም። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት እንደ ሁለት ተከራይ ኖሩ። «ምሳ አለ።» «በልቻለሁ።» ሌላ ንግግር አልነበራቸውም። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ ሦስት ወር ከረመ።

ደንበኞቿ በር ማንኳኳት ሲጀምሩ መርፌ ቁልፍ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታሳጥራለች፣ ታሰፋለች፣ አሮጌውን አፍርሳ አዲስ ታወጣለች። «ሰፋኝ፣ አጥብቢልኝ» ያለቻት ሴት ካለች ግን እጇ አይታዘዝላትም።

«ለምን ከሳሽ? ሐኪም አይቶሻል?»

«ኧረ እኔ ያመጣሁት ቀሚስ ነው፤ ደም ላስመረምር አልመጣሁም!» የምትል አለች። ስቃ የምትሄድ አለች። ተቆጥታ ወደ ሌላ ሰፊ የሄደችም አለች። ሰፈሩም ቀልድ አያልቅበትምና «ሐኪሟ» የሚል ሁለተኛ ስም አወጣላት። እሷ ስሟን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ከሁሉ ያቃታት የአንዲት አትክልት ሻጭ ነገር ነው። ይቺ ሴት ያንኑ አንድ ጉርድ ቀሚሷን ለሦስተኛ ጊዜ ስታመጣ፣ መርፌ ቁልፍ ጉርዱን መልሳ አስታቀፈቻት። «ሐኪም ሳያይሽ አልነካውም። እኔ ራሴ እወስድሻለሁ።»

ሴትየዋ በጉርዱ ፊቷን ሸፈነች። «ሕመም አይደለም፣ እህቴ። ያለውን ልጆቼ ይብሉ ብዬ ነው።»

ለዚህ የሚላክበት ሐኪም ቤት የለም። መርፌ ቁልፍ ጉርዱን ተቀብላ አጠበበችው፤ ምሳ አቀረበችላት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ «ስፌቱን ልየው፣ ብቅ በይ» ማለት ልማዷ ሆነ። ሴትየዋም ምን ለማለት እንደሆነ ገብቷት፣ እንዳልገባት ሆና ትመጣለች።

እናት ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው ያዩ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ተነስተው፣ በውስጥ ልብሳቸው ብቻ ክፍሉ መሀል ቆሙ።

«ለኪኝ።»

«ቀሚስ ልስፋልሽ?»

«ምንም አትስፊልኝ። ለኪኝና ጻፊው። በየወሩ ትለኪኛለሽ።»

እናት እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። መርፌ ቁልፍ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገባቸውን ዞረችበት። ከቀብሩ ወዲህ ስትነካቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቀስ በይ፣ ትኮረኩሪኛለሽ» አሉ። ድምፃቸው ግን የሚስቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እንዲህ እያለ አራተኛው ወር ላይ ሜትሩ ሦስት ሳንቲም ቀንሶ ተገኘ። መርፌ ቁልፍ መልሳ ለካች፤ ያው ነው።

«እርጅና ነው» አሉ እናት።

«ልብስሽን ልበሺ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሁለት ሽማግሌም የማይነቀነቁ ሴት፣ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሐኪሙ መረመራቸው፣ ደማቸውን አስመረመረና «እማማ፣ እርጅና ነው» አላቸው። እናት ልጃቸውን በጎን አዩዋት።

ሲመለሱ በእግራቸው ነው የመጡት፣ እናት የልጃቸውን ክንድ ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ እናት ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆም አሉ።

«ያን ለት ያልኩሽ…» ብለው ጀመሩ።

መርፌ ቁልፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። እናት መንገዱን አዩና እንደገና መራመድ ጀመሩ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ቤት ደረሱ።