ደበሳ ያስታረቃቸው

ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ መቱ የቡና ነጋዴ የሚርመሰመስባት ከተማ ስትሆን፣ ደበሳ በአንድ የቡና መጋዘን የለቃሚ ሴቶች ካቦ ነበር። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ከጥሩው ሲለዩ ይውላሉ። አንዷ የሌላዋን ሰፌድ ነካች፣ አንዷ በአንዷ ሳቀች እየተባለ ግን ግማሹ ቀን በንትርክ ያልቃል። ደበሳ በቁጣ ሞከረው፤ ባሰ። በኋላ የመጋዘኑ ባለቤት ጋሼ ጀላሉ፣ ወይ ማስታረቅ ተማር፣ ወይ ሌላ ካቦ እፈልጋለሁ ቢሉት፣ ኡካ የምትባል መንደር ሄዶ ኦቦ አራርሳ ከሚባሉ የታወቁ ሽማግሌ እግር ሥር ተቀመጠ።

የሽማግሌው ትምህርት ብዙ አልነበረም። ሆድህ እንደተቆጣ ለዕርቅ አትቀመጥ። ሁለቱን ለየብቻ ጠርተህ የሆዳቸውን እስኪጨርሱ ስማ። ካስታረቅህ በኋላ ደግሞ ሳትጠራ ሂድና ቤታቸው ተቀመጥ፤ አኗኗራቸውን እይ። ደበሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጥብቆ ያዘ። በሦስተኛው በልቡ ሳቀ፤ ሽማግሌው በየሰው ቤት ምሳ የሚበሉበት ሰበብ መስሎት ነበር። እንዲህ ያለ ብልጥ ነበር እንግዲህ።

በዚያ ፈንታ የራሱን ዘዴ አገኘ። ከተጣሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሁልጊዜ ልቡ ቶሎ ይራራል፤ ያንን ለይቶ መለመን ነው። አስቸጋሪውን ሲለምን ቢውል ጉንጩን ከማልፋት በቀር ምንም አያተርፍም። ሻሽቱ የምትባል ለቃሚ በመስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ የለቀመችበትን ቦታ አንዲት ጉልበተኛ ስትነጥቃት፣ ደበሳ የለመነው ሻሽቱን ነበር። እሷ ጨለማው ጥግ ገባች፤ ሁለቱ ተሳሳሙ፤ ካቦው ተመሰገነ። ሻሽቱ ዓይኗን እያሻሸች ስትለቅም ባየ ቁጥር ሆዱን ቅር ይለው ነበር፤ ግን መጋዘኑ ሰላም ሆኗልና ዝም አለ።

ይኸው ዘዴ ቤቱ ገባ። ልጁ ዲንቄ ኖፓ የሚባል አገር ነበር የተዳረችው። ባሏ ነመራ ሲደበድባት ጊዜ ሸሽታ አባቷ ቤት መጣች። ደበሳ ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ነመራ እንደሆነ ቢነግሩት የማይሰማ ሰው ነው፤ ስለዚህ ደበሳ ወደ ልጁ ዞረ። ከሱ ይልቅ አንቺ አስተዋይ ነሽ አላት፤ የእነዚህን አባቶች ሽበት እፈሪ አላት። ዲንቄ አባቷን ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ ተነስታ ባሏን ተከተለች። በዓመቱ እንደገና መጣች፤ እንደገና መለሳት። ያን ጊዜ አንድ የፊት ጥርሷ የለም። ደበሳ አይቷል። አይቶ አልጠየቀም።

ኦቦ አራርሳ ግን ወሬውን ሰምተው፣ ማንም ሳይጠራቸው ኖፓ ሄደው እቤቷ ገቡ። ከዚያ መቱ መጡና፣ «ልጅህ ባሏ ባሳለ ቁጥር ብድግ ትላለች። እኔ እዚያ እያለሁ አንዴም ተደላድላ አልተቀመጠችም። ሂድና እይ» አሉት።

ደበሳ አመስግኖ ሸኛቸው። ቡናው በዛ፣ ዝናቡ ከበደ፣ መንገዱ ጨቀየ፤ አልሄደም። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው። ካየ ሊያመጣት ነው፤ ካመጣት ደግሞ ያ ስመ ጥሩ አስታራቂ የገዛ ልጁን ትዳር ማቃናት አቃተው ሊባል ነው። ስሙን ከልጁ አስበለጠ። ይህንን ራሱ ያውቀው ነበር፤ አውቆም እህሉን በላ፣ አልጋው ላይ ተኛ።

በጥቅምት ዲንቄ ጠፋች ተባለ። ነመራ መቱ ድረስ መጥቶ፣ ሚስቴን የት ደበቃችሁ ብሎ ፎክሮ ተመለሰ። ደበሳ እህል አልዋጥልህ አለው። ሶር ወንዝ ገብታ ይሆን እያለ፣ ከገበያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። ጸጸቱ ከሰውነት ተራ አወጣው። መጋዘን ውስጥ ሁለት ሴቶች ቢጣሉ እንኳ ጥሏቸው ይወጣ ጀመር።

አንድ ቀን ሥራ ሲለቀቅ ሻሽቱ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ ደበሳ፣ ልጅዎ እኔ ቤት ናት። ድሮ ምሳዎን ስታመጣ ስለምታውቀኝ ነው የመጣችው። እንዳልነግርዎ አስምላኝ ነበር፤ ሁኔታዎን ሳይ ግን አላስችለኝ አለ።»

ለምን ወደ አባቷ ቤት አልመጣችም ብሎ ጠየቃት። ሻሽቱ አንገቷን ደፋች።

«ይመልሰኛል ብላ ነው» አለችው።

የሻሽቱን ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በዚያው ወደ ቤቷ ገሰገሰ። መንገዱን ሁሉ የሚላትን አዘጋጀ፤ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ ሊላት ነው። በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ዲንቄ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። አየችውና ብድግ አለች። አፉን ሳይከፍት ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደች፣ ጥግ ያለውን የልብስ ጥቅልሏን አነሳች።

«እሺ አባዬ፣ እመለሳለሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

ደበሳን እንባው ቀደመው።

«የለም ዲንቄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አትመለሺም» አላት።

ዲንቄ ፊቱን መረመረች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ ግቢው አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሽማግሌዎቹ ውጭ ናቸው?»

ደበሳ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ዲንቄ ባዶውን ግቢ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጥቅልሏን ግን አላስቀመጠችም።