ያላየች ምስክር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለአሥር ቀን የወንጌል አገልግሎት ወደ ሩዋንዳ ልትሄድ ልብሷን እያጣጠፈች፣ «እማማ፣ እዚያ ስደርስ ምን ብዬ ልመስክር?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ይህቺ «መመስከር» የምትባል ቃል ድሮ ቤታችንን አምሳው ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሰበታ ያለችው ትንሿ የወንጌላውያን ማኅበራችን ኬንያ ላሉ ቦረናዎች ሦስት ሳምንት የሚያገለግሉ ወጣቶች ስትመርጥ፣ ኦሮምኛ ስለምችል እኔንም ጨመረችኝ። ፓስፖርት ለማውጣት ግን አባቴ ዋስ ሆነው መፈረም ነበረባቸው። እሳቸው ደግሞ ተፍኪ አጠገብ የሚያርሱ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ገበሬ ነበሩ።

መስከረም ስለነበር ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረስኩ። አባቴ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየፈለፈሉ ነበር። «አባባ፣ ለምስክርነት ኬንያ ልሄድ ነው፤ ዋስ ይሁኑኝ» አልኳቸው። እሸቱን አስቀምጠው አቀረቀሩ። ልባቸው የተነካ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴ!

በማግስቱ በማለዳ በቅሏቸውን ጭነው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አጥቢያ ዳኛውንና ጎረቤታችንን ኦቦ ጉተማን አስከትለው ተመለሱ። አክስቴ ለስንቄ ጭኮ ማሸት ጀምራ፣ የገብሱና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ ይጣራ። ማነው የሞተው?»

ሃይማኖቴን ሊፈትኑ የመጡ መሰለኝ። «ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ» አልኩ።

ኦቦ ጉተማ አማተቡ። «ሲገድሉት ነበርሽ?»

«ኧረ አልነበርኩም!»

«ከሳሹስ ማነው?» አሉ ዳኛው።

«ከሳሹማ ሰይጣን ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። እኔም ግራ ገባኝ። አክስቴ ናት የባነነችው፤ «እናንተ ሰዎች፣ የፍርድ ቤት ምስክር መስሏችሁ ነው? ልትሰብክ እኮ ነው!» አለች። ሁለቱ እንግዶች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስብከትም ቢሆን፣ ምስክርነት ካላችሁት ምስክርነት ነው። በኔ ቤት ያላየ አይመሰክርም። አንቺ በዓይንሽ ምን አየሽ?»

ያጠናሁት ጥቅስ ሁሉ ጠፋብኝ። ከጓደኞቼ አንዷ ከሕመም ተፈውሳለች፣ ሌላው ሕልም አይቷል፤ እኔ መዝሙሩን ወድጄ ነው የገባሁት። ካልፈረሙልኝ ጥለውኝ መሄዳቸው ነውና አንድ ነገር ፈጥሬ ልናገር ከጅሎኝ ነበር። አባቴ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አላውቅም አባባ። ምንም ያየሁ አይመስለኝም» አልኩና አለቀስኩ።

«ወረቀቱን አምጪ» አሉ። ዳኛው ፊት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። «እንዴት ፈቀዱልኝ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ጭኮውን ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት» ብለው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። እውነቱን ስለተናገርኩ ይሁን፣ ስላሳዘንኳቸው ይሁን፣ እስኪሞቱ ድረስ አልነገሩኝም።

ኬንያ ደርሼ ምን ብዬ እንደመሰከርኩ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ለልጅ ልጄ «ያየሽውን ተናገሪ» አልኳት። «አንቺስ ምን አየሽ?» አለችኝ መልሳ። ስንት ዓመት ሰብኬ አሁንም በዚህ ጥያቄ ግራ እጋባለሁ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ እሳቸው በማያምኑበት መንገድ እንድሄድ ዋስ የሆኑኝን አባቴን ነው። እሱን ነገርኳት።